የፓስፊክ ጦርነት አብራሪዎች፦ ወድቆ የሚፈለግና ወድቆ የሚቀር

አድማስ_ተመልካች (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወሬያችን ሁሌ አውሮፓ ላይ ጀምሮ አውሮፓ ላይ ያልቃል። ዛሬ ወደ ፓስፊክ ልውሰዳችሁ። የማነሣው ደግሞ የመርከቦቹን ሳይሆን የአብራሪዎቹን ነገር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ኦገስት 7 ቀን 1942 የአሜሪካ ማሪኖች ጓዳልካናል ደሴት ላይ ወረዱ። ያኑ ዕለት ጃፓኖች ራባውል ካለው የጦር ሰፈራቸው ቦምብ ጣዮችን ላኩ፤ አጅበው ከሄዱት የዜሮ (የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን) አብራሪዎች አንዱ ሳቡሮ ሳካይ ነበር። ከራባውል ጓዳልካናል ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ አብዛኛውም ባሕር ነው። ሳካይ እዚያ ደርሶ ከአንድ የአሜሪካ ተዋጊ ጋር ረጅም ግብግብ ገጥሞ ጣለው። ቆየት ብሎ አንድ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች ከሩቅ አየና ተዋጊዎች መስለውት ከኋላ ተጠጋቸው። ለካ ከኋላ ወንበራቸው መትረየስ የያዘ ተኳሽ የተቀመጠባቸው ቦምብ ጣዮች ኖረዋል። ባንዴ ተኮሱበት።

ጥይቱ የራስ ቅሉን ቦጭቆት አለፈ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፣ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት፣ የቀረችው ግራ ዓይኑም በደም ተሸፈነች። መጀመሪያ ያሰበው አንድ የአሜሪካ መርከብ ላይ ተከስክሶ ለመሞት ነበር። መርከብ ሲያጣ ወደ ራባውል ዞረ። ጨርቅ ከራስ መሸፈኛው ሥር ወትፎ ደሙን ለማቆም ሞከረ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው እንቅልፍ ሲጥለው ቁስሉን እየመታ ይነቃ ነበር። ከ4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በኋላ፣ ነዳጁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ራባውል አረፈ። ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊትም አለቃው ፊት ቆሞ የግዳጅ ሪፖርቱን አቀረበ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ጀግንነቱን ያደንቃል፤ እኔም አደንቃለሁ። የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሳካይ መንገድ ላይ ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር? ጃፓኖች የወደቀ አብራሪ ለመፈለግ ይህ ነው የሚባል ሥርዓት አልዘረጉም። የሚበርበት ዜሮም ከወንበሩ ኋላ የብረት ጋሻ አልነበረውም፤ የነዳጅ ታንኩም ጥይት ሲበሳው ራሱን የሚደፍን ዓይነት አልነበረም። ክብደት ስለተቀነሰለት ሩቅ ይሄዳል፣ ቶሎ ይታጠፋል፤ ሲመታ ግን እንደ ክብሪት ነው። አንድ ዓይኑን ያጣው ሳካይ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ካስተማረ በኋላ በ1944 እንደገና ኢዎ ጂማ ላይ ለውጊያ ተሰለፈ።

አሜሪካኖቹ በተቃራኒው አንድን ስኳድሮን (የአውሮፕላን ቡድን) ለወራት ካዋጉ በኋላ ያነሡታል። ውጊያ የቀመሰው አብራሪ አገር ቤት ገብቶ አዲሶቹን ያስተምራል። እኔ የምለው ይህ ልዩነት ከመርከብ ብዛት ባልተናነሰ ጦርነቱን ወስኖታል ነው። በ1942 መጀመሪያ ላይ ከዓለም የባሕር ኃይል አብራሪዎች የጃፓኖቹን የሚስተካከል አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ሰው እነዚያ አብራሪዎች በጁን 1942ቱ ውጊያ ሚድዌይ ደሴት አጠገብ አለቁ ይላል፤ ሚድዌይ ላይ የሞቱት የጃፓን የበረራ ሠራተኞች ግን 110 ያህል ናቸው። አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጠፍቶ አብዛኛው አብራሪ ተርፏል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሳንታ ክሩዝ ላይ፣ አሸነፍን ባሉበት ውጊያ፣ ከ140 በላይ አጡ። ከዚያ ወዲያ የሰለሞን ደሴቶች ምልልስ አንድ በአንድ ጨረሳቸው።

የምታውቁትን ጨምሩበት፤ የማትስማሙም ተናገሩ።


ተማሪ_ዘመን

ጋሼ አድማስ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ጎበዝ አብራሪን ከግንባር አንሥቶ ክፍል ውስጥ ማስገባት በዚያ ቀውጢ ሰዓት አቅም ማባከን አይሆንም? ጃፓኖች ጎበዞቻቸውን ግንባር ያቆዩት ሌላ ሰው ስለሌላቸው ከሆነ ፍርዱ ትንሽ አይከብድባቸውም?


አድማስ_ተመልካች

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ወንድሜ። በእርግጥም ሰው አልነበራቸውም፤ ያጡትም ከጦርነቱ በፊት ጥቂት ምርጦችን ብቻ ለማሠልጠን ስለወሰኑ ነው። ጦርነቱ አጭር ይሆናል ብለው አስልተዋል። ሲረዝም አስተማሪውም ግንባር ሄደ፣ ነዳጁም አነሰ፣ የሥልጠናውም ጊዜ አጠረ። በ1945 ብዙው አዲስ የጃፓን አብራሪ 100 ሰዓት ያህል በርሮ ነበር ወደ ውጊያ የሚገባው። የአሜሪካው የባሕር ኃይል አብራሪ ግን በብዙ መቶ ሰዓት ይቀድመዋል። ውጤቱ ጁን 19 ቀን 1944 ማሪያና ደሴቶች አጠገብ ታየ፤ ጃፓኖች በአንድ ቀን ከ300 በላይ አውሮፕላን አጡ፣ አሜሪካኖቹ 30 ያህል። እንዲህ ያለ ልዩነት በአውሮፕላን ጥራት ብቻ አይመጣም።


ሐይቅ_ዳር (ሺካጎ)

በዚህ ጉዳይ ላይ የሺካጎ ሰው ዝም ሊል አይችልም!

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ኦሄር ኤርፖርት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጦርነት አብራሪ ነው። ቡች ኦሄር ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1942 ሌክሲንግተን የምትባለዋን መርከብ ለማጥፋት ከመጡ የጃፓን ቦምብ ጣዮች ጋር ብቻውን ገጠመ፤ አብሮት የነበረው አብራሪ መትረየሱ ተነክሶበት ነበር። አምስት ጣለ ተብሎ ተመዘገበለትና ትልቁን የክብር ሜዳልያ ተሸለመ። ከዚያ ነው ጋሼ አድማስ ያሉት ነገር የሚመጣው፤ አገር ቤት ጠርተው ሕዝብ ፊት አቀረቡት፣ ከዚያም አዲስ አብራሪዎችን እንዲያዘጋጅ አደረጉት። ወደ ግንባር ተመልሶ ኖቬምበር 26 ቀን 1943 ጊልበርት ደሴቶች አካባቢ በሌሊት ግዳጅ ላይ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ወደ አገር መመለስ ከሞት ማምለጥ ማለት አልነበረም፤ ያወቀውን ለሌላ አስተላልፎ መሞት ቢባል ይቀርባል።

ተርሚናል 2 ውስጥ ኦሄር ይበርበት የነበረውን ዓይነት ዋይልድካት አቁመዋል። ደንዳና፣ አጭር፣ ሆዷ የተነፋ አውሮፕላን ናት፤ ጎማዎቿ ከሆዷ ሥር ተጠጋግተው የወጡ ናቸው። ብዙ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋታል። ይህች አውሮፕላን የተገኘችው ከሚሺገን ሐይቅ ሥር ነው። እንዴት እዚያ ገባች? ባሕር ኃይሉ ሁለት የሐይቅ ሽርሽር መርከቦችን ገዝቶ ላያቸውን ቆርጦ ማኮብኮቢያ ሠራባቸውና ዎልቨሪንና ሴብል ብሎ ሰየማቸው። በከሰል የሚሄዱ፣ በጎናቸው መቅዘፊያ ጎማ ያላቸው መርከቦች ነበሩ! የጠላት ባሕር ሰርጓጅ በማይደርስበት ሐይቅ ላይ ከ17,000 በላይ አብራሪዎች መርከብ ላይ ማረፍን ተለማመዱባቸው። ከ100 በላይ አውሮፕላን ሐይቁ ውስጥ ሰምጧል።

በክረምት የዚህን ሐይቅ ንፋስ የሚያውቅ ሰው ክፍት ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠውን የ20 ዓመት ልጅ ያስበው። ማረፍ የተማሩት እንዲህ ነው።


አሮጌው_ቴክኒሻን

ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ በመሬት ቴክኒሻንነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ስለ አብራሪ ሲወራ ዓይኔ መሬት ላይ ያለውን ሰው ይፈልጋል። ስለ ሄንደርሰን ሜዳ ልንገራችሁ።

ጓዳልካናል ላይ ማሪኖች ሲወርዱ ጃፓኖች ሊጨርሱት ጥቂት የቀራቸውን ማኮብኮቢያ ያዙ። ሚድዌይ ላይ በሞተው የማሪን አብራሪ በሻለቃ ሎፍተን ሄንደርሰን ስም ሰየሙት። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ጥቁር አቧራ ነው፤ አቧራው ሞተር ይበላል። በኋላ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ንጣፍ አነጠፉበት። የነዳጅ መኪና በቂ ስላልነበረ ነዳጁ ከበርሜል በእጅ ፓምፕ ይቀዳል፤ ውኃና ቆሻሻ እንዳይገባ ደግሞ በለሰለሰ ቆዳ ይጠለላል። ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቆዳው ቶሎ አያሳልፍም፣ አብራሪው ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የጠላት አውሮፕላን እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደርሷል፣ አንተ ግን ልታጣድፈው አትችልም። ውኃ የገባበት ነዳጅ ሰውየውን ገና ሲነሣ ይገድለዋል።

በኦክቶበር 13 ሌሊት ኮንጎና ሃሩና የሚባሉ ሁለት የጦር መርከቦች መጥተው ከ900 በላይ ትላልቅ የመድፍ ጥይት ሜዳው ላይ አወረዱበት። ሲነጋ አብዛኛው አውሮፕላን ተሰባብሯል፣ የነዳጁ ክምችት ተቃጥሏል። የመሬት ሰዎቹ ምን አደረጉ? ከተሰባበሩት አውሮፕላኖች ታንክ ነዳጅ ቀዱ፣ ከአንዱ ክንፍ ከሌላው ጭራ ወስደው ገጣጠሙ፣ በዚያው ቀን አውሮፕላን አስነሡ። ወባና ተቅማጥ ያላመመው ሰው አልነበረም። አብራሪውም ቢሆን ትኩሳቱን ይዞ ነው 6,000 ሜትር ላይ የሚወጣው። ሌሊት ደግሞ አንድ የጃፓን አውሮፕላን ብቻውን እየመጣ ከላይ ይዞራል፤ ሥራው እንቅልፍ መንሳት ነው። ከሞተሩ ድምፅ የተነሣ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቻርሊ» ብለው ስም አወጡለት።

አድማስ ያነሣኸው ነጥብ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ የጃፓን የመሬት ሠራተኞችም ከኛ ያላነሱ ባለሙያዎች ነበሩ። ደሴቶቹ ሲታለፉና ሲከበቡ መርከብ ልኮ የሚያወጣቸው አጡ። ራባውል ላይ ብዙዎቹ ጦርነቱ እስኪያልቅ ተቆልፎባቸው ቀሩ። አብራሪ በሁለት ዓመት ይሠለጥን ይሆናል። ሞተሩን በጆሮው የሚያውቅ ሰው ግን በሁለት ዓመት አይገኝም።


ሲስተር_ማኅሌት

ጋሼ ቴክኒሻን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ትኩሳት ይዞ መብረር ያሉት ነገር እኔንም ወደ ሙያዬ ወሰደኝ።

ሚድዌይ ላይ ስለተዋጋው ሪቻርድ ቤስት አንብቡ። የኢንተርፕራይዝ መርከብ የቦምብ ጣይ ስኳድሮን አዛዥ ነበር። ጁን 4 ቀን 1942 ጠዋት ሌሎቹ በሙሉ ካጋ በተባለው የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሲወርዱ እሱ ሁለት አውሮፕላን ብቻ አስከትሎ የጃፓኑን ዋና መርከብ አካጊን መታ። ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ሂርዩን ከመቱት ጋር ነበር። እስከዚህ ድረስ በየታሪክ መጽሐፉ አለ። የኔ ትኩረት ኦክስጅኑ ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት የሚተነፍስበት ኦክስጅን ችግር ነበረበት፤ ከመሣሪያው የወጣ የኮስቲክ ሶዳ ትነት ሳንባው ገባ። በማግስቱ ደም ይተፋ ጀመር። ሳንባው ውስጥ ተኝቶ የኖረ የቲቢ በሽታ ተቀስቅሶበት ነበር። ከዚያች ቀን ወዲያ ለውጊያ በርሮ አያውቅም፤ ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ አሳልፎ በ1944 በሕመም ጡረታ ወጣ። ስትሬፕቶማይሲን ገና በገበያ ላይ ያልነበረበት ዘመን ነው፤ ቲቢ የያዘው ሰው ሕክምናው አልጋ፣ ምግብና ንጹሕ አየር ነበር።

ቲቢ ክፍል የሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ሲያነብ የሚያየው በማሸነፍ ቀን ማግስት ጣሳ ውስጥ ደም የሚያይ የ32 ዓመት ሰው ነው። በ2001 እስኪሞት ድረስ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ተመስገን። ከሆርኔት መርከብ የተነሡት የቶርፔዶ ስኳድሮን 8 ልጆች ግን ያን ዕድል አላገኙም። 15 አውሮፕላን፣ 30 ሰው። አጃቢ ተዋጊ አልነበራቸውም፤ አውሮፕላናቸው ቀርፋፋ፣ ቶርፔዷቸውም ብልሹ ነበር። 15ቱም ወደቁ። ጆርጅ ጌይ ብቻ የወንበሩን ትራስ ተንተርሶ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ የጃፓን መርከቦች ሲቃጠሉ እዚያው ሆኖ አየ። በማግስቱ የባሕር አውሮፕላን አገኘው።


ራስ_ዳሸን77

ፍለጋው ላይ ካልጨመርኩ አልተኛም።

የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በጦርነቱ ውስጥ 504 አብራሪዎችና የበረራ ሠራተኞች ከባሕር አውጥተዋል። ጥቃት ሲታቀድ አንድ ሰርጓጅ አስቀድሞ ከዒላማው አጠገብ ይመደባል፤ ሥራው መርከብ ማስጠም ሳይሆን የሚወድቀውን ሰው መጠበቅ ነው። በኤፕሪል 1944 መጨረሻ ትሩክ በተባለው የጃፓን የባሕር ሰፈር ላይ ታንግ የምትባለው ሰርጓጅ 22 ሰው አነሣች። በዚያ ግዳጅ ላይ ያለው ትዕይንት ግሩም ነው። ኪንግፊሸር የምትባል ትንሽ የባሕር አውሮፕላን ውኃ ላይ አርፋ የወደቁትን ታነሣለች፤ ሰዎቹ ሲበዙባት መነሣት አቃታት። አብራሪው ጆን በርንስ ክንፎቿ ላይ አስቀምጧቸው አውሮፕላኗን እንደ ጀልባ ውኃው ላይ እየነዳ ታንግ ድረስ አደረሳቸው። ተሰባብራ ስለነበር ሰዎቹ ሲወርዱ ሰርጓጇ ራሷ በመድፍ መትታ አሰመጠቻት።

ጁን 20 ቀን 1944 የተደረገውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የአሜሪካው አድሚራል ሚቸር ከ200 በላይ አውሮፕላን ወደ ምሽት ሲያዘነብል ሩቅ ላይ ላለው የጃፓን መርከብ ላከ። መልሱ በጨለማ ነው፣ ነዳጃቸውም እያለቀ ነው፤ አብዛኞቹ በሌሊት መርከብ ላይ ማረፍ አልለመዱም። ሚቸር መብራት አብሩ አለ። የጠላት ሰርጓጅ ባለበት ባሕር ላይ መርከቦቹ ሁሉ መብራታቸውን አበሩ፣ የፍለጋ መብራት ወደ ሰማይ ቀጥ አደረጉ። 80 ያህል አውሮፕላን በነዳጅ እጥረትና በማረፍ አደጋ ጠፋ። ሰዎቹ ግን በዚያች ሌሊትና በተከታዮቹ ቀናት ሲለቀሙ ቆይተው ከዚያ ግዳጅ የጠፉት ወደ 50 የሚጠጉ ብቻ ሆኑ።

በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ቡሽም በ20 ዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944፣ ቺቺ ጂማ ደሴት አጠገብ ተመትቶ ወድቆ ፊንባክ በምትባል ሰርጓጅ ነው የተረፈው። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ሞቱ። በዚያች ደሴት የተማረኩ ሌሎች አሜሪካውያን አብራሪዎች ተገድለዋል፤ የገደሏቸውም መኮንኖች ጉዋም ላይ ለፍርድ ቀርበዋል።


ሞጋች

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን አንድ ወገን ብቻ እየተብራራ ነው እላለሁ። የወደቀን የሚፈልገው ያው ሠራዊት ማርች 9 ሌሊት 1945 ቶኪዮን ያቃጠለው ነው። ጄኔራል ሊሜይ ቢ-29 የተባሉትን ትልልቅ ቦምብ ጣዮች ከለመዱት ከፍታ አውርዶ ከ1,500 እስከ 2,700 ሜትር ላይ በሌሊት አስገባቸው፤ ክብደት ለመቀነስም አብዛኛውን መትረየሳቸውን አስወልቆ በእሳት ቦምብ ሞላቸው። ከ300 በላይ አውሮፕላን ተነሣ። ቤቱ እንጨትና ወረቀት ነው፣ ንፋስ ነበር። በአንዲት ሌሊት 100,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን።

ይህን ለመክሰስ ብቻ አይደለም የማነሣው፤ የአብራሪዎችን ገጠመኝ ስለጠየቃችሁ ነው። መጨረሻ ላይ የደረሱት አውሮፕላኖች ከእሳቱ የሚነሣው ሙቅ አየር እያነጠረ ወደ ላይ ወረወራቸው። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ አውሮፕላኑ ውስጥ ገባ፤ ሽታውን ለማምለጥ የኦክስጅን ጭንብል ያደረጉ ነበሩ። ይህም የፓስፊክ አብራሪ ትዝታ ነው። ከሚቸር መብራት ጋር አብሮ ይነገር።


አድማስ_ተመልካች

ሞጋች፣ ያልከው አንድም ቃል አይወጣለትም። እኔ አሜሪካኖቹ ደጎች ነበሩ አላልኩም። የራሱን ሰው አጥብቆ የሚፈልግ ሠራዊት የሌላውን ሰው አይፈጅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ ኢዎ ጂማ የተያዘችበት አንዱ ምክንያት ከቶኪዮ ተመትተው የሚመለሱ ቢ-29ዎች እንዲያርፉባት ነው። እንደሚፈለግ የሚያውቅ አብራሪ ደግሞ ወደ እሳቱ ለመግባት ይደፍራል። የፍለጋው ሥርዓት ርኅራኄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል መርከብ አይመደብለትም ነበር። ሠራዊቱ የሠለጠነ ሰው ዋጋ ስለገባው ነው ያደረገው።


ናርዶስ_ቨርጂኒያ

ዳለስ ኤርፖርት አጠገብ ያለውን የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም ያላያችሁ የዲሲ አካባቢ ሰዎች፣ ሂዱ። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለችው ኢኖላ ጌይ እዚያ ናት፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። እኔ የቆምኩት ግን ኦካ የምትባለው የጃፓን አውሮፕላን ጋ ነው። ትንሽ ናት፤ ክንፏ አጭር፣ አፍንጫዋ ላይ ፈንጂ፣ ከፈንጂው ኋላ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት። ሆዷን ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ ጎማ የላትም። ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ተሸክሟት ሄዶ ይለቃታል፣ ከዚያ ወዲያ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። የሠሯት መሐንዲሶች ሰውየው አይመለስም ብለው ገና ከንድፉ ላይ ወስነዋል።

ጋሼ አድማስ የጀመሩት ሐሳብ ጫፉ እዚህ ነው። በኦክቶበር 1944 ፊሊፒንስ ላይ ካሚካዜ (አብራሪው ከነአውሮፕላኑ ጠላት መርከብ ላይ የሚከሰከስበት ጥቃት) ሲጀመር የመጀመሪያውን ቡድን የመራው ዩኪዮ ሴኪ የ23 ዓመት ወጣት፣ የተማረ አብራሪ ነበር። ጥሩ አብራሪዎቿን የምትገድል ጃፓን ተስፋ የላትም የሚል ቃል ለጋዜጠኛ ተናግሮ ነው የሄደው። ቦምቡን ጥሎ መመለስ እንደሚችል ያውቅ ነበር።

ሁሉም ጭፍን አማኝ ይመስሉን ነበር። ርዮጂ ኡኤሃራን አንብቡ። ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲማር ከትምህርት ተነሥቶ የዘመተ የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሜይ 11 ቀን 1945 ከቺራን ተነሥቶ ኦኪናዋ አካባቢ ሞተ። ከመሄዱ በፊት ባስቀረው ጽሑፍ አምባገነን መንግሥት ለጊዜው ቢያብብም መውደቁ አይቀርም፣ የፋሺስት ጣሊያንና የናዚ ጀርመን መጨረሻ ይህን አሳይቷል ይላል። ነገ አንድ የነጻነት አማኝ ከዚህ ዓለም ይሄዳል ብሎ ጽፏል። የፋሺስት ጣሊያንን ነገር ከአያቶቹ አፍ ሰምቶ ላደገ የኛ አንባቢ ይህ ቀላል አይደለም። የዚያው ኅብረት አባል የሆነ መንግሥት አብራሪ፣ በዚያ መንግሥት ትእዛዝ ሊሞት የተዘጋጀ ልጅ፣ በመጨረሻው ሌሊት የኛን ወራሪ ውድቀት ምስክር አድርጎ ይጠራል። አንብቤ ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ምንም ሌላ ማንበብ አልቻልኩም።


ተማሪ_ዘመን

እህት ናርዶስ፣ ያን ያህል ካወቀ ለምን ሄደ? ነዳጅ አለቀብኝ ብሎ አንዷ ደሴት ላይ ማረፍ አይችልም ነበር?


ናርዶስ_ቨርጂኒያ

አንዳንዶቹ ሞተር ተበላሸ ብለው ተመልሰዋል። የጦር ሠራዊቱ እነሱን ፉኩኦካ ላይ ለብቻቸው አስቀምጦ ያንገላታቸው ነበር። ቤተሰብም አለ፤ የሸሸ ልጅ ያለው ቤት በሰፈሩ ቀና ብሎ አይሄድም። እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ የ22 ዓመት ልጅ «አልሄድም» እንዲል መጠየቅ ለኛ ቀላል ነው።


ሐይቅ_ዳር (ሺካጎ)

ሳካይን የመታው ተኳሽስ? ጋሼ አድማስ ስለ እሱ አልነገሩንም።


አድማስ_ተመልካች

ሃሮልድ ጆንስ ይባላል፤ ከኢንተርፕራይዝ መርከብ የተነሣ የአንድ ቦምብ ጣይ ኋላ ተኳሽ ነበር። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱ አሜሪካ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሳካይ ከጦርነቱ በኋላ የቡድሃ እምነቱን አጥብቆ ያዘ፣ ከቀድሞ ጠላቶቹ ጋርም ወዳጅነት ፈጠረ፤ የራሱን ጦር አዛዦች ደግሞ በአደባባይ ይወቅስ ነበር። ያን ቀን ሳካይ የጣለው የአሜሪካ ተዋጊ አብራሪ ጄምስ ሳዘርላንድም በጃንጥላ ወርዶ ተርፏል።


ሞጋች

ሳዘርላንድን ካነሣህልኝ የኔ ዋና ነጥብ እዚያ ላይ ነው። ማን ነው ያተረፈው? ቆስሎ ጫካ ውስጥ ሲወድቅ ያገኙት፣ ያበሉትና ከጃፓኖች ደብቀው ወደ ወገኖቹ ያደረሱት የጓዳልካናል ተወላጆች ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት የጃፓን ቦምብ ጣዮች እየመጡ ነው ብሎ ከቡገንቪል ጫካ በሬድዮ ያስጠነቀቀው ፖል ሜሰን የሚባል ነጭ ነበር፤ ያንን ከባድ ሬድዮ ተሸክመው ተራራ ያወጡለትና ጠላት ሲቀርብ ያሸሹት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ጓዳልካናሎቹ በእንግሊዝ ጥበቃ፣ ቡገንቪሎቹ በአውስትራሊያ አስተዳደር ሥር ያሉ፣ ስለ ጦርነቱ ማንም ያላማከራቸው ሰዎች። ሰለሞን ደሴቶች ነጻ የወጣችው በ1978 ነው።

ቻይናንም አስቡ። ኤፕሪል 18 ቀን 1942 የአሜሪካው መኮንን ዱሊትል 16 ቢ-25 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይዞ ከሆርኔት ተነሥቶ ጃፓንን ደበደበ። የጃፓን ጠባቂ ጀልባ ስላየቻቸው ካሰቡት ርቀት በጣም ቀድመው ተነሡ፤ ነዳጅ አልበቃቸውም። አንዷ ሶቪየት ኅብረት አረፈች፣ 15ቱ ቻይና ምድርና ጠረፍ ላይ ወደቁ። ከ80ው ሰው ስምንቱ ተማረኩ፣ ሦስቱ ተረሸኑ፣ አንዱ እስር ቤት ሞተ። አብዛኞቹን ግን የቻይና ገበሬዎች በሌሊት እያሳለፉ፣ ያላቸውን እያካፈሉ አተረፏቸው። የጃፓን ጦር ለበቀል ዜጂያንግና ጂያንግሺ ገባ። መንደር አቃጠለ፣ በሽታ ነዛ፤ የሞተው ሰው እስከ 250,000 ይደርሳል የሚል ግምት አለ። የአሜሪካኖቹን ዕቃ፣ ጓንትና ሳንቲም ይዞ የተገኘ መከራውን አየ።

የክሩ ርዕስ ወድቆ የሚፈለግና ወድቆ የሚቀር ነው። ፈልጎ ያገኘውን ሰው ስም ግን እስካሁን ማንም አልጻፈም።


አሮጌው_ቴክኒሻን

ሞጋች ልጄ፣ ተናግረሃል። አድማስ፣ የዜጂያንጉ ነገር በዚህ ክር ጅራት ላይ መቅረት የለበትም፤ ለብቻው ይከፈትለት።


አድማስ_ተመልካች

እሺ ጋሼ። እስከ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ሞጋች፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንተ ብትጀምረው ደስ ይለኛል።